ለዝርያ የሚገዛ አውራ ፍየል፦ አመጣጡንና የዘር ሐረጉን ከግዥ በፊት ማረጋገጥ (ሰቆጣና የዋግ ኽምራ አካባቢ)

አጠቃላይ

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ለእርድ የሚገዛ ፍየልና ለዝርያ የሚገዛ አውራ ፍየል ብዙ ጊዜ በአንድ ገበያ ይሸጣሉ። የሚመዘኑበት መስፈርት ግን የተለያየ ነው። ለእርድ የሚገዛው በዕለቱ በያዘው ሥጋ ይመዘናል። ለዝርያ የሚገዛው ደግሞ ለልጆቹ በሚያስተላልፈው ዘረ መል መመዘን ይኖርበታል፤ ይህም በገበያ ቀን በዓይን አይታይም።

እያንዳንዱ ግልገል ከዘረ መሉ ግማሹን ከአባቱ፣ ግማሹን ከእናቱ ይወስዳል። 25 እናት ፍየሎች ባሉት መንጋ ውስጥ አንድ አውራ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ፣ በዓመቱ በሚወለዱ ግልገሎች ዘረ መል ውስጥ የአውራው ድርሻ 50 በመቶ ሲሆን የአንዲት እናት ፍየል ድርሻ በአማካይ 2 በመቶ ነው። ስለዚህ እናት ፍየል ሲገዛ የሚፈጠር ስሕተት በአንድ እንስሳ ላይ ይወሰናል፤ አውራ ሲገዛ የሚፈጠር ስሕተት ግን ወደ መንጋው ሁሉ ይዛመታል፤ ጉዳቱም ተተኪ ሴቶች ወልደው እስኪታዩ ድረስ ለዓመታት ላይታወቅ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ለዝርያ አውራ ፍየል ለመግዛት የሚፈልግ አርቢ ከግዥ በፊት የሚያጣራቸውን ነጥቦች፣ የሚመለከታቸውን ምልክቶችና ድጋፍ የሚጠይቅባቸውን ተቋማት ያብራራል።

የአበርገሌ ፍየልና መገኛው

በዞኑ በስፋት የሚረባው የአበርገሌ ፍየል ነው። ስያሜውን ያገኘው በተከዜ ተፋሰስ፣ በዋግ ኽምራና በትግራይ አዋሳኝ ከሚገኘው የአበርገሌ አካባቢ ነው። ሰውነቱ ጠቅለል ብሎ የተገነባ ሲሆን፣ ቀይ ወይም ዳማ ቀለም ይበዛበታል፤ ነጭ ጣል ጣል ያለበትም አለ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወሊድ አንድ ግልገል ይወለዳል። ሙቀትን፣ የውኃ እጥረትንና ረጅሙን በጋ ተቋቁሞ በቁጥቋጦ መኖር መቻሉ ዋነኛ እሴቱ ነው። ለሥጋ፣ ለቆዳና ለጥሬ ገንዘብ ምንጭነት ከማገልገሉም በላይ ለቤተሰብ ወተት ይሰጣል።

የዞኑ መልክዓ ምድር አንድ ወጥ አይደለም። በተከዜ ሸለቆ አቅጣጫ የሚገኙት የአበርገሌ፣ የዝቋላና የሳህላ ቆላማ ቦታዎች ከጋዝጊብላ፣ ከድሃናና ከሰቆጣ ዙሪያ ከፍተኛ ቦታዎች በሙቀት፣ በመኖና በበሽታ አምጪ ነፍሳት ይለያያሉ። ስለዚህ ለደጋማ ቀበሌ የሚገዛ አውራ የተወለደበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ያደገበት አየር ጠባይም ሊጠየቅ ይገባል። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወሰድ እንስሳ ከብርዱና ከአዲሱ መኖ ጋር እስኪላመድ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በክረምቱ ብርድና ዝናብ መካከል ማዛወርም አይመከርም።

መልክ ስለ ዘር ምን ያህል ይናገራል?

በገበያ የሚታየው የሰውነት ግዝፈት የሁለት ነገሮች ውጤት ነው፤ አንደኛው የወረሰው ዘር ሲሆን ሁለተኛው ያገኘው መኖና እንክብካቤ ነው። ወደ ልጆቹ የሚተላለፈው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በግቢ ታስሮ አተላና ክክ ሲቀለብ የከረመ ወጠጤ ከመንጋ ጋር ተሰማርቶ ካደገው ይልቅ ትልቅ ሆኖ ቢታይ፣ ልዩነቱ ከመኖ ብቻ የመጣ ሊሆን ይችላል። ውኃ በብዛት ጠጥቶ የገባ ፍየልም ለጊዜው ሆዱ ሞልቶ ይታያል።

ስለሆነም ንጽጽሩ በእኩል ሁኔታ ባደጉ እንስሳት መካከል መሆን አለበት። ለዚህም የሚከተሉት ልዩነቶች ግምት ውስጥ ይገባሉ፦

• ነጠላ ሆኖ የተወለደ ግልገል የእናቱን ወተት ለብቻው ስለሚጠባ ከመንታ በልጦ ይታያል። መንታ ሆኖ ተወልዶ ከነጠላዎቹ ጋር እኩል የደረሰ ወጠጤ የተሻለ ዘር ሊኖረው ይችላል።
• የመጀመሪያ ወሊድ እናት ወተቷ አነስተኛ ስለሚሆን ግልገሏም ቀለል ይላል።
• መኖ በበዛበት ወቅት የተወለደና በበጋ መካከል የተወለደ ግልገል በእኩል ዓይን አይታዩም።
• ዕድሜያቸው የሚለያይ ወጠጤዎችን በቁመት ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

አንድ ወጠጤ በተወለደበት መንጋ ውስጥ፣ በዚያው ወቅት ከተወለዱ እኩዮቹ ጋር ቆሞ ሲታይ የሚሰጠው መረጃ በገበያ ለብቻው ታስሮ ሲታይ ከሚሰጠው እጅግ ይበልጣል። በመሆኑም የሚቻል ከሆነ ግዥው በሻጩ በረት ቢፈጸም ይመረጣል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ጉዳይ የምርጫ መገላበጥ ነው። ፈጥኖ ያደገ ወጠጤ ቶሎ ዋጋ ስለሚያወጣ ገና በለጋነቱ ተሽጦ ይታረዳል፤ ዘግይቶ ያደገው ግን ገዥ ሳያገኝ በመንጋው ውስጥ ቆይቶ እናቶችን ያጠቃል። ይህ ለበርካታ ዓመታት ሲደጋገም ማንም ሳያስበው መንጋው በዝግታ ለሚያድጉ እንስሳት ተመርጦ እንደተረባ ይቆጠራል። ስለዚህ ዕድሜው ገፍቶ ለሽያጭ የቀረበ አውራ ለምን እስከዚያ ጊዜ እንደቆየ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በምርጫ የቆየ ነው ወይስ ገዥ በማጣት?

ለሻጩ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ገዥው ከዋጋ ድርድር አስቀድሞ የሚከተሉትን ቢያረጋግጥ ይመከራል፦

1. ወጠጤው የት ቀበሌና በማን በረት ተወለደ? ሻጩ አርቢው ራሱ ነው ወይስ ነጋዴ?
2. እናቱ አለች? ልትታይ ትችላለች? ስንት ጊዜ ወለደች? ስንቱን ግልገል አሳደገች? ወተቷስ እንዴት ነው?
3. አባቱ የትኛው አውራ ነው? ከእናቱ ጋር ዝምድና ነበረው?
4. ነጠላ ነው ወይስ መንታ? በስንተኛው ወሊድ ተገኘ?
5. መቼ ተወለደ? ጡት ሲጥልና በስድስት ወሩ ክብደቱ ተመዝግቧል?
6. በመንጋው ውስጥ ያስወረደች፣ የሞተ ግልገል የወለደች ወይም መካን የሆነች ፍየል አለች?
7. የትኞቹን ክትባቶች መቼ አገኘ?

ከእነዚህ ጥያቄዎች መካከል ስለ እናቱ የሚጠየቀው ልዩ ክብደት ይሰጠዋል። አውራ ፍየል ራሱ አይታለብም፤ የወተት ዘርን ግን ከእናቱ ወርሶ ለሴት ልጆቹ ያስተላልፋል። የመቀንጨር ችግርን ለማስወገድ መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱ የሚታወቅ ሲሆን፣ በእንዲህ ያለ አካባቢ የፍየል ወተት ለሕፃናት ያለው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ወተቷ ግልገሏን እንኳ የማያጠግብ እናት የወለደችውን ወጠጤ በቁመናው ብቻ ለአውራነት መምረጥ ይህን ጥቅም ይቀንሳል።

ሦስቱ የግዥ ምንጮች

ሀ) መዝገብ ያላቸው የአርቢ ማኅበራት። በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ተጀምሮ በኋላ ወደ ፍየሎች ተስፋፍቷል፤ የአበርገሌ ፍየልም ከእነዚህ አንዱ ነው። በዚህ አሠራር የግልገሎች የልደት ቀን፣ ወላጆችና ክብደት ይመዘገባል፤ ወጠጤዎች በመዝገቡ ላይ ተመሥርተው ከተለዩ በኋላ አርቢዎቹ ራሳቸው ተመልክተው ይመርጧቸዋል። የተመረጡት ለጋራ አገልግሎት ይውላሉ፤ ያልተመረጡት ይኮላሻሉ ወይም ለእርድ ይሸጣሉ። ከዚህ ምንጭ የሚገዛ ሰው የጆሮ መለያ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር አለበት። መዝገብ የሌለው የጆሮ ቁጥር ስለ ዘር ምንም ማስረጃ አይሆንም።

ለ) የሚታወቅ አርቢ። መዝገብ በሌለበት ቦታ እናቱን፣ እኅቶቹንና ወንድሞቹን በበረቱ ማየት የተሻለ አማራጭ ነው። አባቱ ለሌሎች መንጎችም ካገለገለ፣ ልጆቹን በጎረቤት በረት መመልከት ጠቃሚ መረጃ ይሰጣል።

ሐ) ሳምንታዊ ገበያ። በገበያ የሚቀርብ ፍየል በነጋዴ እጅ ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላው ያለፈ ሊሆን ስለሚችል አመጣጡን ማረጋገጥ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከዚህ ምንጭ የሚገዛ አውራ የዘር ሐረጉ እንደማይታወቅ ተደርጎ መወሰድ አለበት፤ ዋጋውም በዚሁ ልክ ሊመዘን ይገባል።

የቅርብ ዝምድና እርባታና ጉዳቱ

አባት ከልጁ፣ ወይም በአባትም በእናትም የሚገናኙ ወንድምና እኅት ሲጠቃቁ የሚወለደው ግልገል በአማካይ 25 በመቶ የሚደርስ የዝምድና መጠን ይኖረዋል፤ በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እኅት ሲጠቃቁ ደግሞ 12.5 በመቶ ይሆናል። ይህ ቁጥር ግልገሉ ከአንድ ቅድመ ወላጅ የመጣውን ተመሳሳይ ዘረ መል በሁለቱም ወገን የመውረስ ዕድሉን ያመለክታል። ተደብቀው የኖሩ ጎጂ ዘረ መሎች የሚገለጡት እንዲህ ሲጣመሩ ነው። ውጤቱም በአነስተኛ የልደት ክብደት፣ በግልገል ሞት፣ በዝግታ እድገት፣ በመራባት ድክመትና በአካል ጉድለት ይታያል።

በዋግ ኽምራ ይህ ችግር የሚከሰተው በአንድ ቤተሰብ በረት ውስጥ ብቻ አይደለም። በአንድ ግጦሽና በአንድ የውኃ መጠጫ የሚገናኙ የበርካታ ቤተሰቦች መንጎች በተግባር አንድ መንጋ ናቸው። ስለዚህ ከጎረቤት የተገዛ ወጠጤ የገዥው እናት ፍየሎች የአባት ወንድም ሊሆን ይችላል። አውራ ሲፈለግ ግጦሽና ውኃ ከማይጋሩ ቀበሌዎች መምረጥ ቀላሉ መከላከያ ነው።

አንድ አውራ በመንጋው ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ የራሱን ሴት ልጆች ማጥቃቱ አይቀርም። ከዚያ በፊት ዝምድና ከሌለው መንጋ ጋር መለዋወጥ ወይም መሸጥ ይገባል።

ዕድሜን በጥርስ መገመት

ፍየል የፊት ጥርስ ያለው በታችኛው መንጋጋ ብቻ ሲሆን ብዛቱም 8 ነው። ዕድሜው በግምት እንደሚከተለው ይታወቃል፦

• ሁሉም የወተት ጥርስ ከሆነ፦ እስከ 1 ዓመት ገደማ
• መካከለኛው አንድ ጥንድ ከተለወጠ፦ ከ1 እስከ 1 ዓመት ከ6 ወር ገደማ
• ሁለት ጥንድ ከተለወጠ፦ 2 ዓመት ገደማ
• ሦስት ጥንድ ከተለወጠ፦ 3 ዓመት ገደማ
• አራቱም ጥንድ ከተለወጠ፦ 4 ዓመት ገደማ
• ጥርሱ ከተበላ፣ ከሳሳ ወይም ከወለቀ፦ ያረጀ

እንደ መኖውና እንደ ዝርያው የጥቂት ወራት ልዩነት ይኖራል። ለግዥ የሚመረጠው አንድ ወይም ሁለት ጥንድ የለወጠ ነው፤ እድገቱ ታይቷል፣ የሚያገለግልበት ዘመንም ገና አላለፈም። ጥርሱን ያልለወጠ ወጠጤ ከተገዛ በአንድ ወቅት ጥቂት እናቶችን ብቻ እንዲያጠቃ ይደረጋል። ለጎልማሳ አውራ ከ25 እስከ 30 እናት ፍየሎች ይመደባሉ።

ዘርን የሚጠቁሙ አካላዊ ምልክቶች

መንጋጋ። የታችኛው የፊት ጥርስ ከላይኛው ድድ ጋር መግጠም አለበት። ወደ ፊት የወጣ ወይም ወደ ኋላ የቀረ መንጋጋ ለመቃም ያስቸግራል፤ በዘርም ሊተላለፍ ይችላል።

ቆለጥ። ሁለቱም ወደ ከረጢቱ የወረዱ፣ በመጠን ተቀራራቢ፣ ሲዳሰሱ ጠንከር ያሉና እብጠት የሌለባቸው መሆን አለባቸው። አንዱ ቆለጥ ያልወረደለት ወጠጤ ቢያጠቃም ጉድለቱን ለልጆቹ ሊያወርስ ስለሚችል ለአውራነት አይገዛም። የዘር ፈሳሽ ተመርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ገደማ ስለሚወስድ፣ በቅርቡ ከባድ ትኩሳት ያጋጠመው አውራ ለጊዜው ላያስረግዝ ይችላል።

እግርና ሰኮና። በአራቱም እግሩ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ሳያነክስ መሄድና በኋላ እግሮቹ መቆም መቻል አለበት። ገደላማ በሆነው የዋግ መሬት የእግር ድክመት ያለበት አውራ መንጋውን መከተል ይሳነዋል።

ጡት። ወንድ ፍየልም ትናንሽ የጡት ጫፎች አሉት። ከሁለት በላይ ወይም የተጣበቁ ጫፎች ካሉት ጉድለቱ ወደ ሴት ልጆቹ ሊተላለፍ ይችላል።

ቀንድ። በተፈጥሮ ቀንድ አልባ የሆነ ፍየል በአንዳንድ አርቢዎች ዘንድ ቢወደድም ጥንቃቄ ይሻል። በፍየል ዘር ቀንድ አልባነት ከመካንነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ቀንድ አልባ አውራ ቀንድ አልባ እናትን ሲያጠቃ፣ ቀንድ አልባነትን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱ ሴት ግልገሎች ጾታቸው ያልለየና የማይወልዱ ይሆናሉ። ስለዚህ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ባለ ቀንድ መሆን አለበት።

የቆዳ ቀለም። ቀለም በገበያ ዋጋ ላይ ለውጥ ያመጣል እንጂ ስለ እድገት፣ ስለ ወተት ወይም ስለ በሽታ መቋቋም ማረጋገጫ አይሰጥም። ቀይ መሆን ብቻውንም ንጹሕ የአበርገሌ ዝርያ መሆንን አያረጋግጥም።

«የውጭ ደም አለው» ሲባል

ቦር የተባለው የሥጋ ፍየል ከደቡብ አፍሪካ፣ ሳነንና ቶገንበርግ የተባሉት የወተት ፍየሎች ከስዊዘርላንድ፣ አንግሎ ኑቢያን ደግሞ ከእንግሊዝ የተገኙ ናቸው። የእነዚህ ወይም የሌሎች አገር በቀል ዝርያዎች ድብልቅ ነው ተብሎ አውራ ሲቀርብ ገዥው የደም መጠኑንና የመጣበትን የብዜት ማዕከል በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

50 በመቶ የቦር ደም ያለው አውራ ንጹሕ የአበርገሌ እናት ሲያጠቃ ግልገሎቹ በአማካይ 25 በመቶ ብቻ ይኖራቸዋል። በተጨማሪም የመጀመሪያው ትውልድ ድብልቅ የሚያሳየው ብርታት ከፊሉ የሁለት ዝርያዎች መገናኘት ያመጣው ስለሆነ በሙሉ ወደ ልጆቹ አይሸጋገርም፤ የልጆቹም መልክና ምርት የተለያየ ይሆናል። ግዙፍ ሰውነት ብዙ መኖና ውኃ ይፈልጋል። ተጨማሪ መኖ ለማቅረብ አቅም የሌለው ቤተሰብ ከተረጋገጠ መንጋ የተመረጠ የአበርገሌ አውራ ቢገዛ ለበጋው ወራት አስተማማኝ ነው።

የጤና ማረጋገጫ

ጥሩ ዘር ያለው አውራ በሽታ ይዞ ከገባ ጥቅሙ ይቀራል። ከግዥ በፊት ከዓይኑና ከአፍንጫው ፈሳሽ፣ ሳል፣ ተቅማጥ፣ የአፍ ቁስል፣ እከክና የሰኮና ቁስል አለመኖሩ ይታያል። የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታና የፍየል ሳንባ በሽታ በአጭር ጊዜ መንጋ ሊጨርሱ ስለሚችሉ የክትባት ታሪኩ መጠየቅ አለበት። ውርጃ ከሚደጋገምበት መንጋ አውራ መግዛት አይመከርም፤ ውርጃን የሚያስከትለው ብሩሴሎሲስ ባልፈላ ወተትና በውርጃ ፈሳሽ አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል።

የእንስሳት በሽታዎችን ስለ መከላከልና ስለ መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267/1994፣ ስለ ቁም እንስሳት ግብይት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 819/2006 ወጥተው ነበር። አውራን ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ለማዛወር የሚፈልግ አርቢ አስቀድሞ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማማከር ይጠበቅበታል። አዲስ የገባ አውራ ቢያንስ ለ21 ቀናት ከመንጋው ተለይቶ፣ በተለየ የመጠጫና የመመገቢያ ዕቃ መቆየት አለበት።

ከግዥ በኋላ

አዲሱ አውራ ውጤት እንዲሰጥ በመንጋው ያሉት ሌሎች ወጠጤዎች መኮላሸት ወይም መለየት አለባቸው፤ አለበለዚያ የግልገሎቹ አባት ማን እንደሆነ አይታወቅም። ፍየል የምታረግዘው ለ150 ቀናት ገደማ ስለሆነ፣ አውራው ከመንጋው የተቀላቀለበትን ቀን የመዘገበ አርቢ የእርሱ ልጆች ከመቼ ጀምሮ እንደሚወለዱ ያውቃል። በአንድ ደብተር ላይ የግልገሉን የልደት ቀን፣ ጾታ፣ እናት፣ አባትና የስድስት ወር ክብደት ማስፈር በቂ ነው። ይህ ደብተር በኋላ ለሚሸጡ ወጠጤዎች የዘር ሐረግ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል፤ የዛሬው ገዥ ለነገው ገዥ የሚያቀርበው መረጃም ይኸው ነው።

ድጋፍ የሚገኝባቸው ተቋማት

• የቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ፦ ዕድሜን በጥርስ ለመለየት፣ ስለ አውራ ልውውጥና ስለ መዝገብ አያያዝ ለመጠየቅ።
• የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትና የእንስሳት ጤና ክሊኒክ፦ ስለ ጤና ምርመራ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ማኮላሸትና ስለ እንስሳት ዝውውር ለመጠየቅ።
• በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል፦ ስለ አበርገሌ ፍየል ዝርያ ማሻሻያ ሥራና የተመረጡ አውራዎች ስለሚገኙባቸው መንደሮች ለመጠየቅ።

ድጋፍ የሚጠይቅ አርቢ የእናት ፍየሎቹን ብዛት፣ አሁን የሚጠቀምበትን አውራ ዕድሜና አመጣጥ እንዲሁም ግጦሽ የሚጋራቸውን መንደሮች አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ባለሙያው ተገቢውን ምክር በአጭር ጊዜ ለመስጠት ይችላል።